ቡሬት በሌለበት ክፍል የታይትሬሽን ኩርባ



በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ የአሲድና የቤዝ ሚዛን የተባለ ምዕራፍ አለው። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥዕል ይገኛል፤ ይኸውም ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወጣ፥ በመካከሉ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ ከላይ ደርሶም እንደገና የሚተኛ መስመር ነው። ተማሪው ይህን መስመር ይስለዋል፤ በፈተናም ጊዜ ከሌሎቹ መስመሮች ይለየዋል። ነገር ግን መስመሩ የተወለደበትን ነገር፥ ማለት ከቡሬት አፍ የምትወርደውን ጠብታና በብልቃጡ ውስጥ በአንድ ቅጽበት የሚለወጠውን ቀለም፥ በዓይኑ ያላየ ተማሪ ብዙ ነው። ቡሬት የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ ቡሬት ኖሮት በቁም ሣጥን የሚቆልፍ አለ፤ ቡሬቱም ቁልፉም ኖሮ መድኃኒቱ ያለቀበት አለ።

በዚህ ጕድለት ላይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ መፍትሔ ሲነገር ይሰማል። ኮምፒዩተሩ ኩርባውን ይሥራው፤ ተማሪውም በመስተዋቱ ላይ ይመልከተው የሚባል ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ተማሪውን ከአንድ የመጽሐፍ ሥዕል አውጥቶ ወደ ሌላ ሥዕል ማግባት ብቻ ይሆናል። ነገሩን በትክክል ለመመዘን ሁሉ ከተሟላለት ትምህርት ቤት ይልቅ ምንም ከሌለው ስፍራ መነሣት ይሻላል። እንዲህ ካለው ስፍራ አንዱ ቱነይድባ ነው።

ቱነይድባ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት የሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ነው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ60,000 በላይ የሚሆን ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሱዳን ገባ። ሐምዳይትና ኡም ራኩባ በሰው ስለ ተጨናነቁ ከጥር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ቱነይድባ ተወሰዱ። አገሩ ሜዳ ነው፤ አፈሩም በበጋ የሚሰነጠቅ፥ በክረምት እግር የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው። ሰሊጥና ማሽላ ይበቅልበታልና ከሑመራ በኩል ለመጣ ገበሬ እንግዳ ምድር አይደለም። ለተማሪ ግን የተለየ ነበር። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በተስቦው ምክንያት የተዘጉት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያ ጊዜ 11ኛ ክፍል የነበረ ልጅ በመጀመሪያ በበሽታው፥ ቀጥሎም በጦርነቱ ከክፍል ወጥቶ፥ የአሲድና የቤዝን ምዕራፍ ሳይከፍተው ድንበር ተሻገረ ማለት ነው። ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በራሱ በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ገዳሪፍም ከካርቱምና ከሌላም ስፍራ የሸሹ ሱዳናውያንን ትቀበል ጀመር።

ከተሰደደው ሕዝብ መካከል መምህራን ነበሩ። መምህር ሲሰደድ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቡሬቱን ግን ይዞ አይሄድም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ የኬሚስትሪ መምህር በእጁ ያለው ጠመኔ፥ ከልብስ ኪስ የሚወጣ አንድ ስልክ፥ ምናልባትም አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ብቻ ቢሆን የታይትሬሽንን ኩርባ በእውነት ሊያስተምር ይችላልን? መልሱ ይችላል ነው፤ የሚችለውም የተለመደውን የአሠራር ቅደም ተከተል ከገለበጠው ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሌቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ችግሩም መፍትሔውም በዚያ ውስጥ ነውና። ዴንማርካዊው ሶረንሰን በኮፐንሃገን በካርልስበርግ የምርምር ቤት እ.ኤ.አ. በ1909 ፒኤች የተባለውን መለኪያ ካወጣ ወዲህ የታይትሬሽን ኩርባ የሚሣለው በአግድሙ የተጨመረውን ቤዝ ልክ፥ በቁመቱ ፒኤችን በማድረግ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍትም ተማሪው ለእያንዳንዱ ልክ ፒኤቹን እንዲያሰላ ያዝዙታል። ይህ ለደካማ አሲድ ሲሆን ከባድ ነው። ስለዚህ ኩርባውን ለአራት ይቈርጡታል፦ ከመጀመሪያው በፊት አንድ ቀመር፥ በመካከሉ የሄንደርሰንና የሃሰልባልኽ ቀመር፥ በእኩልነት ነጥብ ላይ ሦስተኛ፥ ከዚያ ወዲያ አራተኛ። ተማሪው አራቱን በቃሉ ያጠናል፤ አራቱ የአንድ ነገር አራት ፊት መሆናቸውን ግን ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ መስመሩ ለምን ድንገት እንደሚዘል ቢጠየቅ መጽሐፉ እንዲህ ስላለ ነው ከማለት በቀር መልስ የለውም።

በአሜሪካ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሮበርት ደ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት ላይ ያሳየው መንገድ ይህን ችግር ያቃልላል። መንገዱ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ይህን ያህል ቤዝ ቢጨመር ፒኤቹ ስንት ይሆናል ከማለት ይልቅ፥ ፒኤቹ ይህን ያህል እንዲሆን ስንት ቤዝ መጨመር ያስፈልጋል ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ አራት ቀመር መሆኑ ይቀርና አንድ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም በብልቃጡ ውስጥ ያሉት የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖች ሙል እኩል መሆን አለበት ከሚለው ሕግ በቀጥታ ይወጣል።

ቀመሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከተመረጠው ፒኤች የሃይድሮጅን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ኮንሰንትሬሽን ይገኛል፤ የሁለቱም ልዩነት ይያዛል። ቀጥሎ በዚያ ፒኤች ላይ ከአሲዱ ውስጥ ምን ያህሉ ክፍል ፕሮቶኑን እንደ ለቀቀ ይሰላል። ይህ ክፍልፋይ በአሲዱ ኮንሰንትሬሽን ይባዛና ልዩነቱ ይቀነስለታል፤ የተገኘውም በቤዙ ኮንሰንትሬሽንና በልዩነቱ ድምር ይካፈላል። ውጤቱ በአሲዱ ልክ ሲባዛ የሚያስፈልገው ቤዝ በሚሊ ሊትር ይገኛል። ከዚህ በላይ የሚጠየቅ ስሌት የለም። የሰንጠረዥ ፕሮግራም ባለበት በማናቸውም ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ በመጀመሪያው ዓምድ ፒኤችን ከ2 እስከ 12 በ0.1 እየጨመሩ ቢጽፉ 101 መስመር ይወጣል፤ ቀመሩም አንድ ጊዜ ተጽፎ ወደ ታች ይገለበጣል።

የቀመሩን ጥቅም ለማየት ግን ኮምፒዩተሩ ገና አያስፈልግም፤ ቱነይድባን ለሚመስል ክፍል የሚበጀውም ይኸው ነው። 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ፥ ማለት የኮምጣጤው አሲድ፥ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲለካ እንውሰድ። የዚህ አሲድ ፒኬኤ 4.76 ነው። መምህሩ ፒኤቹን 3.76፥ 4.76፥ 5.76 እያለ በአንድ በአንድ ቢያሳድገው የለቀቀው ክፍልፋይ ከ11 አንድ እጅ፥ ከሁለት አንድ እጅ፥ ከ11 ዐሥር እጅ እያለ ይሄዳልና ስሌቱ የሎጋሪዝም መጽሐፍ ሳይፈልግ በወረቀት ይሠራል። ዘጠኙ መስመር ለዘጠኝ ተማሪዎች ወይም ለዘጠኝ ቡድን ይታደላል። ሁሉም ውጤቱን በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ የሚታየው ይህ ነው፤ ለ3.76 የሚያስፈልገው ቤዝ 2.2 ሚሊ ሊትር፥ ለ4.76 ደግሞ 12.5፥ ለ5.76 የሚሆነው 22.7፥ ለ6.76 የሚሆነው 24.75፥ ለ7.76 የሚሆነው 24.98፥ ለ8.76 ልክ 25.00፥ ለ9.76 የሚሆነው 25.03፥ ለ10.76 የሚሆነው 25.3፥ ለ11.76 የሚሆነው 28.1።

እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ብሎ ሰሌዳውን እንዲያዩት ቢተዋቸው መልካም ነው። ፒኤች ከ3.76 ወደ 4.76 አንድ እርከን ለመውጣት ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ጠይቆ ነበር፤ ከ6.76 እስከ 9.76 ሦስት ሙሉ እርከን ሲወጣ ግን የጠየቀው 0.28 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም በቡሬት ጠብታ ቢቈጠር ከስድስት አይበልጥም። ተማሪው በመጽሐፍ የሣለው ቀጥ ያለ መስመር ይህ ነው። አሁን ግን ያገኘው ራሱ ነው፤ ከጓደኛውም መስመር ጋር አስተያይቶታል።

(ኮምፒዩተር የሚለው ቃል መሣሪያው ሳይፈጠር በፊት በእንግሊዝ አገር ስሌት የሚሠራ ሰው መጠሪያ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በሰሌዳው ፊት የቆመው ክፍል በዚያ በጥንቱ ትርጕም ኮምፒዩተር ነው።)

መሣሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዘጠኙን ነጥብ 101 ያደርጋቸዋል፤ ከዚህም ይበልጥ የሚጠቅመው ለዚህ ባይሆንስ ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ በቅጽበት መልስ ስለሚሰጥ ነው። አሲዱ ብርቱ ቢሆንስ? በአንዱ ሣጥን ያለው ቍጥር ሲለወጥ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኩርባ ይወጣል፤ ከ24.9 እስከ 25.1 ሚሊ ሊትር ድረስ ፒኤቹ ከ3.70 ወደ 10.30 ይዘላል። ኮምጣጤው በዚያው ርቀት የዘለለው ከ7.16 ወደ 10.30 ብቻ ነበር። ሁለቱም ብጥብጦች መቶ እጥፍ ቢቀጥኑስ? ያ የብርቱው አሲድ ትልቅ ዝላይ ከ5.70 እስከ 8.30 ወደሚደርስ አጭር ደረጃ ይወርዳል። በእውነተኛ ቡሬት ይህን ሁሉ ለማሳየት ብዙ ቀን፥ ብዙም መድኃኒት ይፈጅ ነበር።

ስለ አመልካቾች ያለው ትምህርትም በዚህ መንገድ ከቃል ጥናት ይወጣል። ሜቲል ኦሬንጅ ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ፒኤች ቀለሙን እንደሚለውጥ ተማሪው ያነባል፤ ለደካማ አሲድ እንደማይሆንም ያጠናል። ሁለቱን ቍጥሮች ለቀመሩ ቢሰጠው ግን ለኮምጣጤው 0.3 እና 7.6 ሚሊ ሊትር የሚል መልስ ያገኛል። ይህም ማለት ቀለሙ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጀምሮ መለወጥ ጀምሮ ከመንገዱ ሢሶ ሳይደርስ ይጨርሳል ማለት ነው፤ ትክክለኛው ፍጻሜ ደግሞ 25 ነበር። በዚህ አመልካች የሚለካ ነጋዴ የኮምጣጤውን አሲድ ሢሶ እንኳ ሳያገኝ ጨረስሁ ይላል። ፌኖልፍታሊን ለምን እንደሚመረጥ ከዚህ በኋላ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፥ ብዙ መምህራን እንደ ስሕተት ቆጥረው የሚያልፉት። ለቀመሩ 2.76 የሚል ፒኤች ቢሰጠው ከዜሮ በታች የሆነ ልክ፥ ማለት 0.18 ሚሊ ሊትር ከነመቀነሻው ይመልሳል። ተማሪው ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላል። ፕሮግራሙ ግን አልተበላሸም። ኮምጣጤው ምንም ሳይጨመርበት ፒኤቹ 2.88 ነውና ከዚያ በታች ለማውረድ ቤዝ መጨመር ሳይሆን መቀነስ፥ ወይም ሌላ አሲድ ማከል እንደሚያስፈልግ መናገሩ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ በዚህ መልስ ላይ ቢያልፍ እንደ ባከነ አይቈጠርም።

ኩርባን በኮምፒዩተር መሥራት በሳይንስ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድናዊው ሲሌን ከባልደረቦቹ ጋር ሃልታፋል የተባለውን የአዮኖችን ሚዛን የሚያሰላ ፕሮግራም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአፍሪካም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔትን ያወጣል፤ በጥቂት ዕቃ ስለሚሠራ ሙከራ ማንበብ የሚወድ መምህር ቢመለከተው ይጠቀማል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። የኢትዮጵያ መምህራን መሣሪያ በክፍል ውስጥ ገብቶ መምህሩን ወደ ዳር ሲያወጣው አይተዋል። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ኬሚስትሪንም ይዞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ። ሥዕሉ ያማረ፥ ሙከራውም የተሟላ ነበር። ሆኖም ተማሪ እጁን ቢያነሣ የሚያይ አልነበረም፤ ያልገባውም እንዲደገምለት ቢለምን የሚመልስ የለም። ትምህርቱ በራሱ ፍጥነት ሄደ፤ መብራት በጠፋም ጊዜ ከነጭራሹ ቀረ። የታይትሬሽን ፕሮግራም ከዚህ የሚለየው ሊቆምና ሊጠየቅ፥ ከውስጡም ተከፍቶ ሊታይ ስለሚችል ነው። ይህ ልዩነት ግን በመምህሩ እጅ ነው ያለው። መምህሩ የተዘጋጀ ፕሮግራም ከፍቶ ቁልፍ ተጭኖ ኩርባውን አሳይቶ ቢያልፍ ያደረገው የፕላዝማውን ያህል ነው። እንዲያውም በአንድ በኩል የባሰ ይሆናል፤ በፕላዝማው ላይ እውነተኛ ብልቃጥና እውነተኛ ጠብታ ይታይ ነበርና።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የፕሮግራሙ ኩርባ እንከን የሌለው መሆኑ ነው። ጠብታ አያመልጠውም፤ ቀለም አሳልፎ አያፈስስም፤ ብጥብጡም አይቆሽሽበትም። እንዲህ ያለውን ኩርባ ብቻ ያየ ተማሪ ኋላ በዩኒቨርሲቲ ቡሬት ሲይዝና ውጤቱ ሲጣመምበት ወይ ራሱን ይንቃል፥ ወይ ቍጥሩን ያቃናል። ቍጥር ማቃናት በምርምር ቤት ውስጥ ከሌብነት የሚቈጠር ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚለመደውም ከሁለተኛ ደረጃ ነው።

ስለዚህ ከፕሮግራሙ ጎን አንዲት እውነተኛ ጠብታ መኖር አለባት። ለዚህም የሚያስፈልገው ነገር በገዳሪፍ ገበያ አይታጣም። ሱዳን የከርከዴ አገር ናት፤ ከርከዴ በየቤቱ ይጠጣል። የከርከዴ ውኃ በአሲድ ውስጥ ደማቅ ቀይ ነው፤ ቤዝ ሲጨመርበት ቀይነቱ ይጠፋና ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል። ለአሲዱ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ፥ ለቤዙ ለዳቦ የሚሆነው ሶዳ፥ ለቡሬቱም መርፌው የወጣለት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። የሳሙና ሠሪዎች ኮስቲክ ሶዳ ዓይን የሚያጠፋ ስለ ሆነ መነጽርና ብዙ ውኃ በሌለበት ስፍራ ለተማሪ እጅ አይሰጥም። ከርከዴውም ራሱ አሲድነት ስላለው ጥቂት ጠብታ ብቻ ይጨመራል፤ አለዚያ የሚለካው ሎሚው ሳይሆን አመልካቹ ይሆናል።

ተማሪው ሎሚውን በሶዳው ሲለካ ውጤቱ ከፕሮግራሙ ኩርባ ጋር አይስማማም፤ አለመስማማቱም የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ሦስት ፕሮቶን አለው፤ ፒኬኤዎቹ 3.13፥ 4.76 እና 6.40 ናቸው። እጅግ ስለሚቀራረቡ ሦስት ደረጃ ይታያል ብሎ የጠበቀ ተማሪ አንድ ረጅም ዳገት ብቻ ያገኛል፤ ቀመሩ ሦስቱን እንዲይዝ ተደርጎ ቢሰፋ ግን ፕሮግራሙም ይህንኑ ዳገት ያሳያል፤ ያን ጊዜ ይታረቃሉ። ሁለተኛው ልዩነት ግን በዚህ አይታረቅም። ሶዳው ሎሚው ውስጥ ሲገባ ይፈላል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ወጥቶ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ሁሉም ነገር በብልቃጡ ውስጥ እንደሚቀር አድርጎ ያሰላል፤ የሚወጣውን አረፋ አያይም። ስለዚህ በመጨረሻው ላይ እውነተኛው ፒኤች ከተሰላው ከፍ ይላል፤ ከርከዴውም በመስተዋቱ ላይ ከተሣለው ቀደም ብሎ ቀለሙን ይለውጣል።

ይህን ልዩነት አይቶ ምክንያቱን በራሱ ቃል የሚጽፍ ተማሪ ኬሚስትሪ ገብቶታል። ለዚህ ክፍል የሚወጣው ወጪ አንድ ጣሳ ከርከዴ፥ ጥቂት ሎሚ፥ አንድ ፓኮ ሶዳና በፀሐይ ኃይል የተሞላ አንድ ስልክ ነው። ስልኩ በአንድ ተማሪ እጅ ሳይሆን በክፍሉ መካከል ይቀመጣል፤ ሁሉም በየተራው አንዳንድ ቍጥር ይለውጣል፤ ለውጡን ከማየቱ በፊትም ምን እንደሚሆን በደብተሩ አስቀድሞ ይጽፋል። አስቀድሞ ያልጻፈ ተማሪ መሣሪያውን አይነካም። ይህ ደንብ ጥብቅ ቢመስልም ስልኩ ለተሰጠው ሁሉ መጫወቻ እንዳይሆን ያደርጋል፤ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍልም ቢሆን ሥራ የሚፈታ እንዳይኖር ይረዳል።

የሚቀረው የባለሥልጣኖቹ ድርሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የሚሰማው የፈተና ጥያቄ ዝግጅት ነው፤ መምህሩም ሎሚና ከርከዴ ይዞ ሲገባ ጊዜ ታባክናለህ የሚል አለቃ ሊገጥመው ይችላል። ይህን መምህር የሚረዳው የሚያሞግስ ደብዳቤ አይደለም። የሚረዳው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሚሰጠው ነጥብ ጥቂቱ ለደብተሩ እንዲሆን፥ ይኸውም ተማሪው አስቀድሞ ለጻፈው ግምት፥ ለተሰላው መስመር፥ በሲሪንጅ ለተገኘው ውጤትና ሁለቱ ለምን እንዳልተስማሙ ለሰጠው ምክንያት እንዲሆን መፍቀድ ነው። ከስደት የተመለሰ ተማሪ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢመጣ፥ የትምህርት ማስረጃ ወረቀቱ በመንገድ ጠፍቶ እንኳ ቢሆን፥ የሚቀበለው ርእሰ መምህር ልጁን በየትኛው ክፍል እንደሚያስቀምጠው ለመወሰን አንድ መነሻ ይኖረዋል።